ፖስት ፒል ብቻውን አይበቃም፦ ያለ ኮንዶም ካለፈ ሌሊት በኋላ ያሉት 72 ሰዓታት

ከባንኮኒው_ጀርባ (ፋርማሲስት)

እሁድና ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው ነገር አንድ ነው፤ "ፖስት ፒል አለ?" ብዙውን ጊዜ ገዢው ልጁ ነው፤ የምትውጠው ልጅ ውጭ ቆማለች ወይም ዶርም ተኝታለች። ስለ መድኃኒቱ የሚነገረው ነገር እሷ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ክር የከፈትኩት ለዚያ ነው። ማንንም ልገሥጽ አይደለም፤ ሳይዘጋጁ አንሶላ የተጋፈፉ ሁለት ሰዎች በማግስቱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው በግልጽ እንዲያውቁ ብዬ ነው።

ስጋቱ ሦስት ነው፦ እርግዝና፣ ኤች አይ ቪ፣ ከዚያም ሌሎቹ አባላዘር በሽታዎች። ፖስት ፒል የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰው ግን እርግዝናን ብቻ ፈርቶ፣ ፍሬዋን ገዝቶ፣ "ተገላገልኩ" ብሎ ይሄዳል። ለኤች አይ ቪ ያለውም ጊዜ እኩል 72 ሰዓት መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ስለ ፍሬዋ ልጀምር። መድኃኒቱ ሌቮኖርጀስትሬል ይባላል፤ መጠኑ በጠቅላላ 1.5 ሚሊግራም ነው። አንዳንዱ ፓኬት አንድ ባለ 1.5 ፍሬ፣ አንዳንዱ ሁለት ባለ 0.75 ፍሬ ይይዛል። ሁለት ከሆነ ሁለቱም አንድ ላይ ይዋጣሉ። "አንዷን አሁን፣ ሌላዋን ከ12 ሰዓት በኋላ" የሚለው የድሮ አወሳሰድ ነው፤ አንድ ላይ መውሰድ እኩል ይሠራል፣ ሁለተኛዋን መርሳትም አይኖርም። በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ሙሉ መጠን ትውሰድ።

የሚሠራው እንቁላል እንዳትለቀቅ በማዘግየት ነው። የወንዱ ዘር በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ እንቁላሏ ከዘገየች ዘሩ ሳያገኛት ይሞታል። እንቁላሏ ልትለቀቅ ከተቃረበች ወይም ከተለቀቀች ግን የሚዘገይ ነገር የለም። ስለዚህ "72 ሰዓት አለኝ" ብሎ እስከ ሦስተኛው ቀን መጠበቅ ትልቁ ስህተት ነው። ከ72 ሰዓት በኋላም እስከ 5ኛው ቀን የተወሰነ ጥቅም አለው፤ ግን እየደከመ ይሄዳል። ጽንስ አያስወርድም፤ ሳታውቅ አርግዛ የዋጠች ሴትም ጽንሷ በዚህ አይጎዳም።

ሌላው የማይነገር ነገር፦ መድኃኒቱ ላለፈው እንጂ ለሚመጣው አይሠራም። ቅዳሜ ወስዳ ሰኞ እንደገና ያለ መከላከያ ከተኛች፣ እንዲያውም እንቁላሏ ስለዘገየች ያቺ ሰኞ ከቅዳሜው የባሰች ልትሆን ትችላለች።

ካምፓስ_3ኛ_ዓመት

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ጥያቄ አለኝ። በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወስዱ ልጆች አሉ፤ ማህፀን ያደርቃል ይባላል፣ እውነት ነው? ሁለተኛ፣ ክብደት ይወስነዋል የሚባለውስ?

አዋላጅ_ነርስ

ማህፀን አያደርቅም፤ ወደፊት መውለድንም አይከለክልም። ደጋግሞ መውሰድ የሚያመጣው ነገር የወር አበባ መዘበራረቅ ነው፤ ቀድሞ ይመጣል ወይም ይዘገያል፣ በመሃል ነጠብጣብ ይታያል፣ ልጅቷም ማርገዟንና አለማርገዟን መለየት ያቅታታል። ዋናው ችግር ግን ከመደበኛ መከላከያ ሁሉ ደካማው መሆኑ ነው። በወር ሦስቴ ለምትወስድ ልጅ የሦስት ወር መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው ብዙ እጥፍ ይሻላታል። መርፌውን ፖስት ፒል በወሰደችበት ቀን መጀመር ትችላለች፤ 7 ቀን በኮንዶም መደገፍ ብቻ ነው።

ስለ ክብደት፦ አዎ፣ ከ70 ኪሎ በላይ ስትሆን የመድኃኒቱ አቅም እየቀነሰ ይሄዳል። ለእሷም፣ ሦስተኛው ቀን ላለፋትም፣ ከሁሉ የሚበልጠው የመዳብ ሉፕ ነው። እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ማህፀን ውስጥ ከተቀመጠ ከ100 ሴቶች ከ99 በላይ የሚሆኑትን ከእርግዝና ያድናል፣ ከዚያም ለዓመታት መከላከያ ሆኖ ይቀጥላል። ሉፕ ለወለደች ብቻ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። ነገር ግን ፈሳሽና የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ፣ ማለትም ያልታከመ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ፣ መጀመሪያ ያ ይታከማል።

የእርግዝና ምርመራ በማግስቱ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው። ከግንኙነቱ 21 ቀን በኋላ፣ ወይም የወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን ከ7 ቀን በላይ ሲዘገይ፣ በጠዋት ሽንት ይመርመር።

ከባንኮኒው_ጀርባ

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር፤ ከባንኮኒ ፊት የማይጠየቅ ነገር ስለሆነ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ የድሮው ፀረ ኤች አይ ቪ ኤፋቪሬንዝና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉበት ሌቮኖርጀስትሬልን ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋሉ። እነዚህን የምትወስድ ሴት ሉፕ ይሻላታል፤ ሉፕ ካልተቻለ እጥፍ፣ ማለትም 3 ሚሊግራም ነው የሚታዘዘው። መድኃኒት ቤት ስትገቡ "ሌላ የምወስደው መድኃኒት አለ" በሉ፤ ምን እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገር ካልተፈለገ ፓኬቱን ማሳየት ይበቃል።

ጤና_መኮንን_ኤአርቲ

ወደ ሁለተኛው 72 ሰዓት ልምጣ። ፔፕ የሚባለው፣ ለኤች አይ ቪ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ ነው። በአገራችን የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ፍሬ ተዋሕደው ነው፤ በቀን አንድ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ለ28 ቀን። ቫይረሱ ከገባበት ቦታ ወደ ዕጢዎች ሄዶ ሥር እስኪሰድ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ መድኃኒቱ የሚቀድመው በዚያች ውስጥ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን መጀመር ከሦስተኛው ቀን በጣም ይሻላል። 72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም።

ቆጠራው እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሆነ ነገር ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ያበቃል። ስለዚህ "ሰኞ ክሊኒክ ሲከፈት" ማለት ግማሽ ያህሉን ማቃጠል ነው። እሁድም ቢሆን የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው። ካርድ ክፍል ላይ ዝርዝር ማውራት አያስፈልግም፤ ሐኪሙ ፊት ግን አጭርና ግልጽ ንግግር ይረዳል፦ "ለኤች አይ ቪ ተጋልጫለሁ፣ ሰዓቱ አላለፈም፣ ፔፕ ያስፈልገኝ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።" በአብዛኛው ፔፕ ሲሰጥ የሚታየው መርፌ ለወጋው ባለሙያና ጥቃት ለደረሰበት ሰው ነው፤ በፈቃድ ከሆነ ግንኙነት በኋላ ለሚመጣ ሰው ሐኪሙ ስለ ተጋላጭነቱ ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። ኮንዶም ነበር ወይስ አልነበረም፣ ተቀደደ ወይስ ወለቀ፣ የግንኙነቱ ዓይነት፣ የሌላው ሰው ውጤት ይታወቃል ወይ? መልሱ እውነት ካልሆነ ውሳኔው ይሳሳታል።

ሌላው ሰው መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ከሆነ በግንኙነት አያስተላልፍም፤ ፔፕም አያስፈልግም። ይህን የምለው ብዙ ሰው መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ፈርቶ ውጤቱን የማያውቀውን ስለሚያምን ነው። አደጋው ያለው ተመርምሮ በማያውቀው ዘንድ ነው። በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች የተካሄደው የኤች አይ ቪ ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ባሉ ነዋሪዎች ላይ 3 በመቶ አግኝቷል፤ በሴቶች 4.1፣ በወንዶች 1.9። "የጠፋ በሽታ ነው" ለሚል ሰው ይህ ይበቃል።

ፔፕ ከመጀመሩ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረጋል፤ ቀድሞ የተያዘ ሰው የሚያስፈልገው የ28 ቀን ሳይሆን የዕድሜ ልክ ሕክምና ስለሆነ። የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራም አይታለፍ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ ስለሚጫኑት፣ ሳያውቅ የተሸከመ ሰው በ28ኛው ቀን ሲያቋርጥ ጉበቱ በድንገት ሊቆጣ ይችላል። ኩላሊትም ይታያል።

ስህተት የሚበዛው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ፍርሃቱ ይበርዳል፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሰው ያቋርጣል። ከምግብ ጋር ወይም ከመኝታ በፊት መውሰድ ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። የጨጓራ ማስታገሻ፣ በተለይ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለበት፣ ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ፔፑ ከማስታገሻው 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይወሰድ። ፔፑ ፖስት ፒልን ግን አይነካውም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መጀመር ይቻላል።

የአራት_ኪሎ_ልጅ

በምራቅ የሚመረመረው መሣሪያስ? በማግስቱ ሁለቱም ቢመረመሩና ነፃ ቢሆኑ ፔፑ ለምን ያስፈልጋል?

ላብ_ባለሙያ

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ እስኪመረት ሳምንታት ይፈጃል፤ ለዚህ ዓይነት ምርመራ እርግጠኛ የሚሆኑት ከ3 ወር በኋላ ነው። የማግስቱ ውጤት ከወራት በፊት ስለነበረው ይናገራል እንጂ ስለ ትናንት ማታ ምንም አይልም። የሌላው ሰው "ነፃ" ውጤትም ቢሆን እሱ ባለፉት 3 ወራት ከሌላ ጋር ካልሆነ ብቻ ነው የሚያጽናናው።

አጠቃቀሙ፦ ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ጥርስ ከተቦረሸ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ጠፍጣፋው ጫፍ የላይኛውን ድድ አንድ ጊዜ፣ የታችኛውን አንድ ጊዜ ይጥረግ፤ ምላስ ወይም ጉንጭ አይደለም። ከዚያ ብልቃጡ ውስጥ ቆሞ ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከ40 ደቂቃ በፊት ይነበብ። በማግስቱ ጠዋት ከቅርጫት አውጥቶ ደብዛዛ መስመር አይቶ መደንገጥ ትርጉም የለውም። ሁለት መስመር ከታየ ደግሞ ፍርድ አይደለም፤ ጤና ተቋም ሄዶ በተጨማሪ ምርመራዎች ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ፔፕ ወይም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ይህ መሣሪያ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ፀረ እንግዳ አካሉን ስለሚያዘገየው ውጤቱ ያታልላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ለምትጽፉ፦ ሌቮኖርጀስትሬል እዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመደርደሪያ ይገዛል። ኡሊፕሪስታል የሚባለው 30 ሚሊግራም ፍሬ ግን ትእዛዝ ይፈልጋል፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያለ ትእዛዝ ይገኛል። እስከ 120 ሰዓት ይሠራል፣ እንቁላል ልትለቀቅ ስትቃረብም ከሌቮኖርጀስትሬል የተሻለ ነው። ከእሱ በኋላ ሆርሞን ያለበትን መከላከያ ለመጀመር 5 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ያከሽፋል።

የአራት_ኪሎ_ልጅ

ሦስተኛው ቀረ። ሽንት ሲያቃጥል ሲፕሮፍሎክሳሲን መዋጥ የተለመደ ነው። ሌሎች ደግሞ ሳይታመሙ ለጥንቃቄ ዶክሲሳይክሊን ይውጣሉ።

ጤና_መኮንን_ኤአርቲ

ሁለቱም አይሆንም፤ ምክንያቱ ግን የተለያየ ነው።

ወንድ ላይ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ውስጥ ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ከመጣ በአብዛኛው ጨብጥ ነው። ክላሚዲያ ቀስ ብሎ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ፣ ቀጭን ፈሳሽ ይዞ ይመጣል፤ ወይም ምንም አያሳይም። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ሁለቱም ይታከማሉ። ጨብጥ ሲፕሮፍሎክሳሲንን በሰፊው ተለማምዶታል፤ አሞክሲሲሊንማ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው የከሸፈው። አሁን የሚሠራው በጡንቻ የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው፤ ለክላሚዲያው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ይጨመራል። በሲፕሮ ማቃጠሉ ቀነሰ ማለት ተፈወሰ ማለት አይደለም፤ ፈሳሹ ይቀንስና ማስተላለፉ ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቁጭ ብሎ፣ ከወተት ተነጥሎ ይወሰዳል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮ ያቆስላል። ለእርጉዝ አይሰጥም።

ለጥንቃቄ ስለሚዋጠው፦ ከግንኙነት በኋላ 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን መውሰድ በአንዳንድ ወንዶች ላይ ጥቅም ማሳየቱ እውነት ነው። በኬንያ ወጣት ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ግን በሽታውን አልቀነሰም። ስለዚህ ለሴት ልጅ "ይቺን ዋጪ፣ ይበቃሻል" ማለት እሷን መጉዳት ነው።

እሷ መታከም ያለባት ባይታመማትም ነው። ጨብጥም ክላሚዲያም ሴት ላይ በአብዛኛው ዝም ይላሉ፤ ዝም ብለው ግን ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣሉ፣ ቱቦው ይጠብባል ወይም ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ መካንነት፣ ወይም ከማህፀን ውጪ እርግዝና ሆኖ የሚመጣው ያ ነው። እሱ መርፌውን ተወግቶ ለእሷ ሳይነግራት ሲቀር፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊድን የሚችል ቱቦ ይጠፋል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ስሟን የማያውቀው እንኳ ቢሆን ቁጥሯ ካለው ይጻፍላት፦ "ታምሜ ታክሜያለሁ፣ አንቺም ታከሚ።" ሁለቱም ታክመው 7 ቀን እስኪሞላ መገናኘት የለም።

ናርዶስ_ሽታ

ሽንት ተመርምሮ "ንጹሕ ነው" ከተባለ አይበቃም? ደግሞ በሎሚና በሳሙና መታጠብ ይጠቅማል የሚሉ አሉ።

ላብ_ባለሙያ

አይበቃም። ተራው የሽንት ምርመራ ክላሚዲያን አያይም። ማይክሮስኮፕ ፈሳሽ ያለው ወንድ ላይ ጨብጥን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ ሴት ላይ ግን ከያዛቸው ገሚሱን ያህል ይስታል። በዘር ቅንጣት የሚለየው ምርመራ በአገራችን እንደልብ አይገኝም፤ ሐኪሙ በምልክትና በተጋላጭነት ተነሥቶ የሚያክመው ለዚህ ነው፣ "ሳይመረምር መድኃኒት ጻፈልኝ" አትበሉ።

ቂጥኝ ሌላ ነው። ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት አካባቢ፣ የማያም አንድ ቁስል ያወጣል፤ ሳይታከም በራሱ ይድናል፣ ሰውዬውም ይረሳዋል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀጥላል። ቁስሉ ገና ሲወጣ ቪዲአርኤል የሚባለው የቂጥኝ የደም ምርመራ ነፃ ሊል ስለሚችል ከሳምንታት በኋላ ይደገም። ሕክምናው ለመጀመሪያው ደረጃ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መቀመጫ ይወጋል። በዚያው ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢመጣ ባክቴሪያው ሲሞት የሚፈጠር ነው፣ አለርጂ አይደለም። ፈጣኑ ምርመራ ከታከሙ በኋላም ዕድሜ ልክ ሊያሳይ ይችላል፤ መዳንን የሚናገረው የቪዲአርኤሉ መጠን መውረድ ነው። የሕክምና ወረቀታችሁን አትጣሉ።

አዋላጅ_ነርስ

ስለ መታጠብ፦ ከውጭ በውኃ መታጠብ ምንም አይደለም። ወደ ውስጥ ሎሚ፣ ሳሙና፣ ዴቶል ማስገባት ግን ዘርንም ጀርምንም አያወጣም። የሴት ብልትን ከበሽታ የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ ስሱን ቆዳ ይልጣል፤ የተላጠ ቆዳ ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል።

ነገሩ ያለ ፈቃድ የሆነ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አለመታጠብ፣ ልብስም አለመለወጥ ይሻላል። የተለወጠ ልብስ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ውስጥ ይታፈንና ማስረጃው ይበላሻል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሌላው። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አንዱ ነው። በዚህ ዓይነት ጥቃት እርግዝና ከተከተለ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በጤና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ መንደር ውስጥ የሚሸጥ ፍሬ መፈለግ አያስፈልግም።

ሁለት ክትባት ላንሣ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት በሕፃናት ፕሮግራም የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ወጣት ብዙውን ጊዜ አልተከተበም። ተመርምሮ ነፃ ከሆነ በ0፣ በ1 እና በ6ኛ ወር ሦስት ጊዜ ይወጋል። የማህፀን ጫፍ ካንሰር መከላከያው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው የተጀመረው፤ ያን ጊዜ ከዚያ በላይ የነበረች አልደረሳትም። እሷ ከ30 ዓመቷ ጀምሮ፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ካለ ደግሞ ቀደም ብላ፣ በጤና ተቋም በአሴቲክ አሲድ የሚደረገውን ቅድመ ምርመራ ታድርግ። ኮንዶም የማህፀን ጫፍ ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያግደውም።

ከባንኮኒው_ጀርባ

ኮንዶሙ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ "ተቀደደ" የሚባለው ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። ሕይወት ትረስትም ሆነ ሴንሴሽን ላቴክስ ነው፤ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባትና ዘይት ላቴክስን በደቂቃዎች ያዳክማሉ። ማለስለሻ ካስፈለገ በውኃ የተሠራ ይሁን። ሁለት መደራረብ ጥንካሬ አይጨምርም፣ እርስ በርስ ተፋጭተው ይቀደዳሉ። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ወር የቆየ በሙቀትና በመታሸት ተጎድቷል። ጫፉ ሳይያዝ ከተጠቀለለ አየር ይገባና ይፈነዳል። በግልባጭ ከተደረገ ገልብጦ መጠቀም አይቻልም፣ የመጀመሪያው ጠብታ ውጩ ላይ ነው፤ ይጣልና ሌላ ይከፈት። ሲያበቃ ደግሞ ብልቱ ሳይለሰልስ፣ ሥሩ ተይዞ ይወጣ፤ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ነው። ከጫት በኋላ በጨብሲ ሰዓት ይህ ሁሉ እንደማይታወስ ይታወቃል፤ ስለዚህ ኮንዶሙ ከመጠጡ በፊት ተገዝቶ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ።

ካምፓስ_3ኛ_ዓመት

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አራተኛው ቀን ላይ ይህን ክር ያነበበ ሰውስ? አለቀለት ማለት ነው?

ጤና_መኮንን_ኤአርቲ

አላለቀም። ፔፕ አልፎታል፤ ሉፕ ግን እስከ ነገ አለ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይም የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒክ ትሂድ። ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ ቀን ሳይቆጠር ዛሬ ይታይ። ምንም ከሌለ በ3ኛው ሳምንት የእርግዝና ምርመራ፤ በ6ኛው ሳምንት ኤች አይ ቪና ቂጥኝ፤ በ3ኛው ወር ሁለቱም እንደገና፣ ከጉበት ቫይረስ ቢ ጋር። በዚህ መሃል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ውስጥ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና የዕጢ ማበጥ አብረው ከመጡ ጉንፋን ነው ብሎ አይታለፍ፤ 3 ወር ሳይጠበቅ ይመርመር። እስከዚያ ድረስ ከማንም ጋር በኮንዶም ብቻ፤ ደም መለገስም ይቆይ። ቀኖቹን አሁኑኑ ስልኩ ላይ ይመዝግባቸው።